ሶስቱ ሴት ከሆኑ አራተኛውስ?

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ድብር ብሎኛል። ዝናቡ ነው መሰለኝ፣ ጎንደር ሰኔ ሲገባ እንዲህ ታደርገኛለች። ቡናው ተፈልቶ ወሬው የታችኛዋ ጎረቤታችን ጋ ደረሰ፣ ሶስት ሴት ወልዳ አሁን አራተኛ አርግዛለች፣ እትዬ ጠ. "አሁንስ ወንድ ነው፣ እግዜር ሁሌ አንድ ዓይነት አይሰጥም" ሲሉ ሁሉም አሜን አለ። ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የማስጠናው ትንሹ ደግሞ ደብተሩ ላይ ግማሽን አራቴ አባዝቶ "እታለም፣ እትዬ እውነታቸውን ነው፣ ሴት የመሆን እድሉ 1/16 ብቻ ነው" አለኝ።

ማባዛቱ ልክ ነው። አራቱም ሴት ይሆናሉ ወይ ተብሎ ገና አንዷም ሳትወለድ ቢጠየቅ 1/16 ነበር። አሁን ግን ሶስቱ ተወልደው ግቢውን እያመሱት ነው፣ እድል መሆናቸው ቀርቷል። የቀረው አንድ እርግዝና ነው፣ እድሉም እዛው ግማሽ አካባቢ። ኢንዲፐንደንት ኢቨንት ማለት ይሄው ነው፣ የፊተኛው የኋለኛውን አይነካውም፣ ሶስቴ ዘውድ ያወጣ ሳንቲም አራተኛ ላይ የጎፈር እዳ የለበትም። ዝም ብሎ ማባዛትም የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው፣ ልጆቹ ግን ይሄን ሳይጠይቁ ነው ማባዛት የሚጀምሩት።

ከዛ ወዲያ ሀሳቤ ከእርግዝናው ወጥቶ የራሱ የትንሹ ፈተና ላይ ተተከለ። በ2015ቱ ፈተና 50 ከመቶና ከዛ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.2 ከመቶው ብቻ ነበሩ። እስኪ እያንዳንዱ ልጅ የመውደቅ እድሉ 0.968 ነው፣ የአንዱ ውጤትም ከሌላው ጋር አይገናኝም እንበልና 100 ልጅ ያስፈተነ ትምህርት ቤት እንውሰድ፣ 0.968ን መቶ ጊዜ በራሱ ስናባዛው 0.04 ገደማ ይመጣል፣ እንዲህ ካሉ መቶ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ የማያሳልፉት አራት ቢሆኑ ነው ማለት ነው። የሆነው ግን ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም፣ ከአስሩ አራቱ! ይሄ በአንድ በአንድ ልጅ ስንፍና አይመጣም፣ አብረው የወደቁት አብረው ያጡት ነገር ስላለ ነው፣ አስተማሪ ሲጎድል ለክፍሉ በሙሉ ነው የሚጎድለው፣ ትምህርት ሲቋረጥም እንደዛው። ውጤት ሲወጣ ግን ልጁን ለብቻው ነው የምንወቅሰው፣ እሱ ነው የሚያመኝ።

ትንሹ እስከ ሌሊት ስምንት ሰዓት ያነባል። በማንበቡ የሚጨምረው እድል ስንት ነው፣ ከክፍሉ ሁሉ ጋር የተያያዘውስ ስንት ነው? ይሄን ለይቶ የሚያወጣ ስሌት ያለው ሰው ካለ እስኪ ያሳየኝ?