እማዬን ይዤ ፒትስበርግ፣ ቅጠል ላሳያት

እማዬ ከደሴ የመጣችው ኦገስት መጨረሻ ላይ ነበር፣ ቪዛዋ ስድስት ወር ነው፣ እኔ ደግሞ ስራ በስራ ሆኜ ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ውስጥ ከልጄ ጋር ተቀምጣ ነው የከረመችው። ኦክቶበር ሲገባ ከመስኮታችን ፊት ለፊት ያለችው ሜፕል ቀይ ሆነች፣ እማዬ ጠዋት ጠዋት ጸሎቷን ስትጨርስ መስኮቱ ጋ ቆማ ታያታለች፣ አንድ ቀን "አንቺ፣ ይቺ ዛፍ ውሃ አጥታ ነው እንዴ?" አለችኝ። እዛው ቁጭ እንዳልኩ ቅዳሜና እሁድ ኦፍ ጠየቅኩ።

ዲሲ አካባቢ ያለ አበሻ ቅጠል ሲቀላ ለማየት ቨርጂኒያ ያለው ሸናንዶዋ ፓርክ ነው የሚሄደው፣ እሱም ያምራል፣ ሽርሽር ሲሆን ደግሞ ኒውዮርክ፣ ቬጋስ፣ አትላንታ። ፔንሲልቬንያ ያለው ፒትስበርግ ሄድኩ የሚል ሰው ግን አጋጥሞኝ አያውቅም፣ እውነቴን ነው ይሄ ነገር ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ተራራ ላይ ላደገ ሰው እንደሱ የሚስማማ ከተማ እዚህ ምስራቁ በኩል አላየሁም።

የሄድነው ክፍያ ባለው ሃይዌይ፣ በተርንፓይኩ ሳይሆን በ68 ቁጥር ሃይዌይ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ግን ክፍያ የለውም፣ መንገዱም ያምራል። ሜሪላንድን ሳትወጡ ሳይድሊንግ ሂል የሚባል ቦታ አለ፣ መንገዱን ለማሳለፍ ተራራውን ከአናቱ ጀምሮ ለሁለት ሰንጥቀውት የድንጋዩ ድርብርብ እንደ ሰፌድ መሀሉ ጎድጎድ ብሎ ይታያል። እዛ ቆመን ከቤት የያዝነውን ቆሎ በላን፣ ከፔርሙዝ ቡና ጠጣን። የጽጌ ጾም ነበር፣ እማዬ ደግሞ የፈቃድ ጾም ነው ብላ የምታልፈው ነገር የላትም፣ ስለዚህ ምሳው ቆሎና ዳቦ ነው። ቅጠሉን እያየች "እኛ ጋ አሁን አበባ ነው፣ እዚህ ቅጠሉ አበባ ሆነ" አለች።

የአስር አመቷ ልጄ ትምህርት ቤት ተምራው ስለነበር ለአያቷ በዛ በተሰባበረ አማርኛዋ ታስረዳት ጀመር፣ ቀኑ ሲያጥር ዛፉ ክረምቱ መምጣቱን አውቆ ወደ ቅጠሉ የሚሄደውን መስመር መዝጋት ይጀምራል፣ አረንጓዴው ቀለም ይጠፋል፣ ቢጫው ግን አዲስ አይደለም ድሮም ቅጠሉ ውስጥ ነበረ፣ አረንጓዴው ሸፍኖት ነው፣ ቀዩን ነው ዛፉ በመጨረሻው ሰአት አዲስ የሚሰራው። እማዬ በደንብ አዳመጠቻትና "ቢጫው ድሮም ነበረበት ነው የምትይኝ?" ብላ ደግማ ጠየቀቻት። አያትና የልጅ ልጅ እንደዛ ሲያወሩ ማየት ለኔ ከቅጠሉ በላይ ነው፣ እንኳን አምስት ሰአት አስር ሰአትም እነዳ ነበር።

ፒትስበርግ ስትሄዱ በደቡብ ምዕራብ በኩል በፎርት ፒት ቶነል ግቡ። ቶነሉ ውስጥ እያላችሁ ምንም አይታያችሁም፣ ድንገት ስትወጡ ድልድይ ላይ ናችሁ፣ ከተማው በሙሉ ፊታችሁ ድቅን ይላል፣ ፎቆቹ፣ ቢጫ ድልድዮቹ፣ አሌጌኒና ሞኖንጋሂላ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ተገናኝተው ኦሃዮ ወንዝ የሚሆኑበት ጫፍ፣ ዙሪያውን ደግሞ ቀይና ብርቱካናማ የሆነ ኮረብታ። እማዬ "በስመአብ" ብላ አማተበች። ከተማው 446 ድልድይ አለው ይባላል፣ የህዝብ ደረጃዎቹ ደግሞ ከ700 በላይ ናቸው፣ አንዳንዱ በካርታ ላይ የመንገድ ስም ይዞ ታገኙታላችሁ ስትደርሱ ግን ደረጃ ነው፣ ሰራተኛው ከኮረብታው ወርዶ ፋብሪካ የሚገባበት ነበር።

የእማዬ ጉልበት ደረጃ አይችልም፣ ስለዚህ ዱኬን ኢንክላይን ላይ ወጣን። ተራራውን ሽቅብ በገመድ የሚጎተት ቀይ ፉርጎ ነው፣ ከ1877 ጀምሮ አለ፣ ውስጡ የድሮ እንጨት ነው፣ ሲነሳ ትንሽ ይንቋቋል። የወጣንበት ማውንት ዋሽንግተን ድሮ ኮል ሂል ነበር የሚባለው፣ ከስሩ ከሰል ይወጣ ነበር። ላይ ስንደርስ እማዬ ብረቱን ይዛ ዝም አለች፣ ቆይታ "ጦሳ ላይ ቆሜ ደሴን የማይ መሰለኝ" አለች። እኔ ከዛ በኋላ ምንም ባላይም ግድ አልነበረኝም።

ግን የሷን ልብ የነካው ሌላ ነገር ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን እያነበብኩ ነገርኳት፣ ይሄ ኢንክላይን በ1962 ተበላሽቶ ሊቀር ነበር፣ የሰፈሩ ሰው ገንዘብ አሰባስቦ በ1963 መልሶ ስራ አስጀመረው፣ እስካሁንም የሚያስተዳድረው እነሱ ያቋቋሙት ማህበር ነው። "በመዋጮ?" አለች። በመዋጮ አልኳት። ከዛ ጀምሮ ሌላውን ሁሉ በዚህ አይን ነው ያየችው።

እሁድ ኦክላንድ ወደሚባለው የዩኒቨርሲቲ ሰፈር ሄድን፣ ንፋስ ነበር፣ ቅጠሉ እንደ ዝናብ ይወርዳል፣ ልጄ እየሮጠች ትቀልበዋለች። እዛ ያለው ሙዚየም በር ላይ የቆመውን ትልቅ የዳይኖሰር ሀውልት ሻርፕ አልብሰውታል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ካቴድራል ኦፍ ለርኒንግ የሚባል 42 ፎቅ አለ፣ ስሙ ካቴድራል ይባል እንጂ መማሪያ ነው፣ በ1926 ነው የተጀመረው፣ ሲሰራ 97 ሺህ የሚሆኑ የከተማው ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አንድ ዳይም፣ አስር ሳንቲም ማለት ነው፣ ለአንድ ጡብ ብለው ሰጥተዋል። ውስጡ ደግሞ ከየአገሩ የመጡ ስደተኞች ብር አዋጥተው በየአገራቸው ወግ ያሰሯቸው 31 ክፍሎች አሉ፣ የአፍሪካው በጋና የአሻንቲ ግቢ አምሳል የተሰራ ነው። እማዬ "የኛስ?" አለች። የኛ ብቻውን የለም አልኳት። "ብታዋጡስ?" አለችኝ፣ መልስ አልነበረኝም፣ እስካሁንም እያሰብኩበት ነው።

ይሄ ከተማ ችግር ያየ ነው። በብረት ፋብሪካው ዘመን ጭሱ ከመብዛቱ የተነሳ በቀን የመንገድ መብራት ይበራ ነበር፣ በ1980ዎቹ ደግሞ ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ። በ1950 ከ670 ሺህ በላይ ህዝብ ነበረው አሁን 300 ሺህ ገደማ ነው። ይሄን ለእማዬ ስነግራት እየነዳሁ ሳውዝ ሳይድ ካርሰን ስትሪት ላይ ደርሰን ነበር፣ የዩክሬኖቹን ቤተክርስቲያን ጉልላት አይታ መኪና ውስጥ ሆና ተሳለመች፣ "እሱን ጥለውት አልሄዱም" አለች።

ማታ ቤት እንደገባን ደሴ ላለችው እህቷ ደወለች። ስለ ቅጠሉ ትነግራታለች ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ነበር። "ስሚኝ እትዬ፣ እዚህ አንድ ቦታ ወሰዱኝ፣ ህጻናት አስር አስር ሳንቲም አዋጥተው አርባ ሁለት ፎቅ አቁመዋል" ስትላት ሰማኋት፣ ቀጥላ ደግሞ የኛ ደብር አጥር መዋጮ የት ደረሰ ብላ ጠየቀቻት።