ወይራውን ያልጠበቀው ባክቴሪያ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ባለ አንድ ችግኝ ጣቢያ፣ ለተራቆተ ተራራ የተዘጋጀ የወይራ ችግኝ ከመደቡ ዝቅተኛ ጫፍ ጀምሮ መጠውለግ ያዘ። ቀን አንገቱን ይደፋል፣ ማታ ቀና ይላል፤ ከሳምንት በኋላ ግን ቀና ማለቱም ቀረ። አንዱ ተነቅሎ ሥሩ በሁለት ጣት ሲሳብ፣ የጠቆረው ልጣጭ ሙልጭ ብሎ ወጥቶ ክር የመሰለው መሐሉ ብቻ እጅ ላይ ቀረ። ይህ ሥር አበስብስ ነው። ጤነኛ የወይራ ሥር ጫፉ ነጭ ነው፣ ልጣጩም በዋዛ አይለቅም።

ጣቢያው ሱዶሞናስ ፍሎረሰንስ የተባለው ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበት ዱቄት ነበረው። ዱቄቱ ተበጥብጦ ለሁሉም መደብ ተረጨ፤ ችግኙ ግን መሞቱን አላቆመም። ውሃ የምታጠጣው ሠራተኛ ኃላፊውን፣ «ጋሼ፣ ይሄ መድኃኒት ምን ሠራ? የደረቀ ስለቅም ነው የምውለው» አለቻቸው። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር፤ መልሱ የተገኘውም ከመጋዘኑ ነው።

ፓኬቱ የተቀመጠው ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ፀሐይ በምትገባበት መስኮት አጠገብ ነበር። ባሲለስ የተባለው ሌላ ጠቃሚ ባክቴሪያ ክፉ ጊዜን የሚያልፍበት ስፖር የሚባል ጠንካራ ቅርጽ ይሠራል፤ ሱዶሞናስ ግን አይሠራም፤ ሙቀትና ድርቀት ቶሎ ይገድለዋል። እርሾ ላይ የፈላ ውሃ እንደማፍሰስ ነው፦ መልኩ አይለወጥም፣ ሥራው ግን ያከትማል። መበጥበጫው ውሃም ክሎሪን ከተጨመረበት ቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ነው። የጀርባ መርጫው ደግሞ ቀደም ብሎ ኮፐር የተባለ የፈንገስ መድኃኒት ተረጭቶበት በወጉ አልታጠበም፤ ኮፐር ፈንገስን ብቻ ሳይሆን ባክቴሪያንም ይገድላል። ሦስቱም ተደማምረው መደቡ ላይ የፈሰሰው የሞተ ዱቄት ነበር ማለት ይቻላል።

ሕያው ቢሆን እንኳ ዘግይቷል። በስፔን ኮርዶባ ከወይራ ሥር የተገኘው ፒክፍ7 የተባለ የሱዶሞናስ ዝርያ፣ ቬርቲሲሊየም የተባለ የአፈር ፈንገስ የሚያመጣውን አጠውልግ በሽታ በመቀነስ ይታወቃል፤ ነገር ግን ሥሩን ከበሽታው ቀድሞ ሲይዝ ነው። ባክቴሪያው በሥሩ ላይና ውስጥ ይሰፍራል፣ ቦታና ምግብ ይሻማል፣ የተክሉንም መከላከያ ያነቃቃል። የበሰበሰ ሥር ግን አያድንም። የታመመ ችግኝ ከነአፈሩ ከጣቢያው ይወገዳል፤ እዚያው መደብ ጥግ ላይ መከመር በሽታውን ማቆየት ነው።

ከሁሉ የከበደው ጥፋት ግን ውሃ ነበር። የፕላስቲክ ከረጢቶቹ ቀዳዳ በመረሬ ተደፍኗል፣ መደቡም ውሃ ያቁራል። አየር ባጣ ሥር ላይ ማንኛውም ባክቴሪያ ቢፈስ ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቀዳዳዎቹ ተከፈቱ፣ መደቡ በጠጠር ከፍ ተደረገ፣ ቀጣዩ ዙር ሦስት እጅ የደን አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስትና አንድ እጅ አሸዋ ተደባልቆ ተሞላ። ድንች ወይም ቲማቲም ከነበረበት ማሳ አፈር አይወሰድም፤ ቬርቲሲሊየም ሁለቱንም ያጠቃል፣ ካደረም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

ባክቴሪያው የሚሰጠው ችግኙ ዘሩ ከበቀለበት መደብ ወደ ከረጢት ሲዛወር ነው። የፓኬቱ መመሪያ ይቀድማል፤ በግራም 100 ሚሊዮን ሕያው ባክቴሪያ ያለው ዱቄት 10 ግራም በ1 ሊትር ሲበጠበጥ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊዮን ይደርሳል። ለ15 ሊትር ባልዲ 150 ግራም መሆኑ ነው። ሥሩ ለ20 ደቂቃ ያህል ተነክሮ ይተከላል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ከረጢት 50 ሚሊ ሊትር ከግንዱ ሥር ይፈስሳል፤ ለ1,000 ችግኝ 50 ሊትር ውሃና 500 ግራም ዱቄት ይፈጃል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ በርሜሉ ክዳኑ ተከፍቶ ይደር፤ የምንጭ ወይም የዝናብ ውሃ ይሻላል። የተበጠበጠው በዚያው ቀን ይለቅ፣ አያድርም። ሰዓቱ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፦ ፀሐዩ በርዷል፣ አፈሩ ግን ገና ሙቀት አለው። ለባክቴሪያው የተለየ ማጠጫ ይኑር፣ ቀለም ይቀባበት፤ ኮፐር የነካው ዕቃ አይጠጋው።

ባሲለስ ሰብቲሊስ መጋዘን ውስጥ ይታገሣል፤ ማቀዝቀዣ ለሌለው ጣቢያ ይመረጣል። በውርጭ ወራት ግን አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥራው ይጎተታል። ሱዶሞናስ ቅዝቃዜን ይችላል፣ አቀማመጡ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ለደብረ ብርሃንና ለአንኮበር ደጋ፣ ቀዝቃዛ ማስቀመጫ ካለ ሱዶሞናስን፣ ከሌለ ባሲለስን መያዝ ያዋጣል፤ የባሲለሱም ሥራ ውርጭ ከመግባቱ በፊት ይጠናቀቅ።

ባክቴሪያው መሥራት አለመሥራቱ እንዲለይ፣ በየዙሩ አንድ መደብ ባክቴሪያ ሳይጨመርበት ምልክት ተተክሎበት ይቀመጥ። ዘሩ፣ አፈሩና ውሃ አጠጣጡ ከሌላው ጋር አንድ ይሁን፤ የሞተው በየሳምንቱ ለየብቻ ተቆጥሮ መዝገብ ላይ ይስፈር።