ከአየር ውኃ የሚቀዳ መሣሪያ ዜናን በእርሳስ መመርመር፦ የተጠቀምኩበት አሠራርና ያስተማረኝ

አንድ ሊትር ውኃ ከተንነት ወደ ፈሳሽነት እንዲመለስ ወደ 2.45 ሜጋጁል ሙቀት ከተኑ መውጣት አለበት። በመብራት ቆጣሪ አቆጣጠር 0.68 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። ከአየር ውኃ የሚቀዳ መሣሪያ ተሠራ የሚል ዜና ሳይ መጀመሪያ ወረቀት ላይ የማሰፍረው ይህን ቁጥር ነው። መሣሪያው በምንም ዘዴ ቢሠራ ያ ሙቀት የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል፤ ቪዲዮው ቢያምርም ፈጠራው ቢሸለምም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም።

እዚህ ላይ ብዙ ተጠራጣሪዎች የሚሳሳቱት ስሕተት አለ። 0.68 ከተኑ የሚወጣው ሙቀት እንጂ ከሶኬት የሚሳበው ኃይል አይደለም። እንደ ፍሪጅ በኮምፕረሰር የሚሠራ መሣሪያ በአንድ ዋት ኤሌክትሪክ ሦስት ዋት ያህል ሙቀት ሊያወጣ ስለሚችል ፍጆታው ወደ ሲሶ ይወርዳል። ፔልቲየር የሚባለው ትንሽ የማቀዝቀዣ ሰሌዳ ግን በአንድ ዋት ግማሽ ዋት ሙቀት ካወጣ መልካም ነው። ስለዚህ ዜናው ውስጥ ማቀዝቀዣው የትኛው እንደሆነ ሳልለይ ስሌት አልጀምርም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ገንዘብ ከሕዝብ ከሰበሰቡት መካከል ፎንተስ የሚባለው ራሱን በራሱ የሚሞላ የብስክሌት ኮዳ አንዱ ነበር። በተመቸ አየር በሰዓት እስከ ግማሽ ሊትር ይሞላል ተብሎለታል። ግማሽ ሊትር በሰዓት ማለት ያለማቋረጥ 340 ዋት ሙቀት ማስወጣት ነው። ኮዳ ላይ የሚለጠፍ ሶላር 10 ዋት ይሰጣል ብለን እናክብረው። ኮዳው ውስጥ ያለው ፔልቲየር በዚያ 5 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ 5 ዋት በሰዓት 18 ኪሎጁል ነው፤ ለ2.45 ሲካፈል ወደ 7 ግራም ውኃ ይመጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በተባለውና በሚቻለው መካከል ያለው ልዩነት 70 እጥፍ ያህል ነው። ልዩነቱ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ቢሆን ኖሮ ግምቶቼን ደግሜ እፈትሽ ነበር፤ 70 እጥፍ ሲሆን ግን የትኛውም ግምት ቢሻሻል አይሸፍነውም።

በዚያው ዓመት የመጣው ወተርሲር ይበልጥ አሳማኝ ነበር፤ ኤሌክትሪክ አልጠየቀማ። ሐሳቡ ንፋስ ሞቃት አየርን በቧንቧ ወደ መሬት ውስጥ ያወርዳል፣ ቀዝቃዛው አፈር ተኑን ወደ ውኃ ይለውጠዋል፣ በቀን እስከ 37 ሊትር ይገኛል የሚል ነው። 37 ሊትር ለማግኘት 90 ሜጋጁል ያህል ሙቀት በየቀኑ አፈሩ ውስጥ መግባት አለበት፤ ይህም ቀንና ሌሊት የማያርፍ የ1,000 ዋት ምድጃ መሬት ውስጥ እንደመቅበር ነው። አፈር ሙቀት ቀስ ብሎ የሚያስተላልፍ ነገር ስለሆነ በቧንቧው ዙሪያ ያለው በቀናት ውስጥ ይሞቃል፣ ሥራውም ያቆማል።

ከዚያ በፊት ግን ሌላ እንቅፋት አለ፤ የጤዛ ነጥብ። አየር ውስጥ ያለው ተን ጤዛ መሆን የሚጀምረው የሚነካው ነገር ከአንድ የተወሰነ ሙቀት ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ድሬዳዋን እንውሰድ። 35 ዲግሪና 30 በመቶ እርጥበት ባለበት ቀን የጤዛ ነጥቡ ወደ 15 ዲግሪ ነው። ሁለት ሦስት ሜትር ወደ መሬት ሲገባ ደግሞ የአፈሩ ሙቀት ከአካባቢው የዓመት አማካይ ጋር ይቀራረባል፤ ድሬዳዋ ላይ ይህ 25 ዲግሪ ገደማ ነው። 25 ዲግሪ የሆነ አፈር የጤዛ ነጥቡ 15 ዲግሪ ከሆነ አየር ጤዛ ሊያወጣ አይችልም፤ አንዲት ጠብታም አይገኝም። አዲስ አበባም በበጋ ያው ነው። የዓመት አማካዩ ወደ 16፣ የበጋ ቀን የጤዛ ነጥቡ ብዙ ጊዜ ከ10 በታች። ይህን ለማወቅ የተፈለገው ሁለት ቁጥር ማነጻጸር ብቻ ነው።

የጤዛ ነጥብን በቤት መለካት ይቻላል። የሚያብረቀርቅ የብረት ኩባያ በቤቱ ሙቀት ባለ ውኃ እስከ ግማሽ እሞላና በረዶ ትንሽ በትንሹ እየጨመርኩ በቴርሞሜትሩ እያማሰልኩ እጠብቃለሁ። የኩባያው ውጪ መጀመሪያ ጭጋግ ሲለብስ ሙቀቱን እመዘግባለሁ። ቀጥሎ በረዶውን አውጥቼ ውኃው ሲሞቅ ጭጋጉ የሚጠፋበትን እመዘግባለሁ። የሁለቱ አማካይ የጤዛ ነጥቡ ነው። ልኬቱ የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው፦ በረዶው ባንዴ ሲጨመር፣ ሳይማሰል ሲቀርና ለማየት ጎንበስ ያለ ሰው ትንፋሹን ኩባያው ላይ ሲለቅ። የመጨረሻው በጣም ያሳስታል፤ የትንፋሽ ተን ውጤቱን በብዙ ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ፊትን አርቆ በጎን ብርሃን መመልከት ይሻላል።

በሁለት ቴርሞሜትር፣ አንዱን በእርጥብ ጥጥ ጠቅልሎ መለካትም ይቻላል። ደጋ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለው። የሁለቱን ልዩነት ወደ እርጥበት የሚመልሰው፣ መጻሕፍት ላይ የሚታተመው ሰንጠረዥ ለባሕር ወለል የአየር ግፊት፣ ለ1,013 ሄክቶፓስካል፣ የተሠራ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግፊቱ ወደ 770 ነው። ደረቁ 22፣ እርጥቡ 13 ዲግሪ ቢያሳይ የባሕር ወለሉ ስሌት 34 በመቶ እርጥበትና 5.4 ዲግሪ የጤዛ ነጥብ ይሰጣል። በ770 ሲሰላ 39 በመቶና 7.5 ዲግሪ ይሆናል። የሁለት ዲግሪ ስሕተት ትንሽ ይመስላል፤ ማቀዝቀዣው ስንት ዲግሪ መውረድ እንዳለበት ሲሰላ ግን ይቆጠራል። የጤዛ ነጥቡ 5 ላይ ከሆነ የማቀዝቀዣው ገጽ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት፤ ያኔ በረዶ ይጋግርና አየር እንዳያልፍ ይዘጋዋል። የባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ ተፈትኖ «ይሠራል» የተባለ መሣሪያ ደጋ ላይ የሚያሳፍረው በዚህ ምክንያት ነው። በተቃራኒው የገልፍ አገሮች ዳርቻ የሚኖሩ ወገኖቻችን በሞቃቱ ወራት ከኤሲ ቱቦ የሚንጠባጠበው ውኃ ባልዲ ሲሞላ ያያሉ፤ እዚያ የጤዛ ነጥቡ 28 ዲግሪ ሲደርስ አንድ ሜትር ኩብ አየር 27 ግራም ያህል ውኃ ይይዛል። ውኃው ግን ከማቀዝቀዣው አቧራና ባክቴሪያ ስለሚወስድ እንዲሁ አይጠጣም።

ይህ ሁሉ ስሌት የሚያሳስትበትም ቦታ አለ፤ ከተማርኩት ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የኬሚስቱ የኦማር ያጊ ቡድንና የአሜሪካው የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 20 በመቶ እርጥበት ካለው አየር ውኃ የሚስብ ዱቄት አቀረቡ። የጤዛ ነጥብን ብቻ የያዘ ተጠራጣሪ «በዚህ ድርቀት አይሆንም» ይላል፤ ያ ግን ስሕተት ነው። ዱቄቱ ተኑን የሚይዘው በማቀዝቀዝ ሳይሆን በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ስለሆነ አየሩን እስከ ጤዛ ነጥቡ ማውረድ አያስፈልገውም። ሌሊት ይስባል፣ ቀን በፀሐይ ሲሞቅ ይለቃል፤ የተለቀቀው ተን ዝግ ሳጥን ውስጥ ስለሚከማች የጤዛ ነጥቡ ከፍ ብሎ በተራ የውጭ አየር ሙቀት ውኃ ይሆናል። ያጊ ለዚህ ዓይነት ቁሶች ሥራው ከሱሱሙ ኪታጋዋና ከሪቻርድ ሮብሰን ጋር የ2025ን የኬሚስትሪ ኖቤል ተቀብሏል።

ዜናው ላይ የወጣው «በኪሎግራም በቀን 2.8 ሊትር» የሚለው ቁጥር ግን በጥንቃቄ መነበብ ነበረበት። በዚያ ሙከራ መሣሪያ ውስጥ የነበረው ዱቄት 1.34 ግራም ነበር፤ «በኪሎግራም» የተባለው ተባዝቶ የተገኘ ነው። ቀጥሎ አሪዞና በረሃ ውስጥ የተደረጉት ሙከራዎች በአንድ ዙር፣ በቀን፣ ከሩብ ሊትር በኪሎግራም ያልዘለለ ነገር አሳዩ። ሳይንሱ እውነት ነው፣ መጠኑ ትንሽ ነው። 0.68ም እዚህ ይሠራል፦ አንድ ካሬ ሜትር በቀን 6 ኪሎዋት ሰዓት ፀሐይ ቢያገኝ፣ አንዲትም ባትባክን፣ ከ9 ሊትር አይበልጥም።

ጋሞ ደጋ፣ ዶርዜ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 የተተከለው የጣሊያናዊው አርክቴክት የአርቱሮ ቪቶሪ ውኃ ሰብሳቢ የዋርካ ማማም በዚሁ ሚዛን መታየት አለበት። በቀን እስከ 100 ሊትር የሚለው ዜና «ከአየር» ይላል፤ ማማው የሚሰበስበው ግን ዝናብ፣ ጉምና ጤዛ ነው። ሦስቱ በጣም ይለያያሉ። ጤዛ ብቻ ከሆነ በጠራ ሌሊት ከአንድ ካሬ ሜትር ግማሽ ሊትር ካገኘን ጥሩ ሌሊት ነው፤ 100 ሊትር 200 ካሬ ሜትር ገጽ ይጠይቃል። ጉም ግን አስቀድሞ ፈሳሽ ጠብታ ስለሆነ የ0.68ን ዕዳ ተፈጥሮ ከፍላዋለች፤ የሚፈለገው የሚይዘው መረብ ብቻ ነው። ቺሊ ውስጥ ቹንጉንጎ የሚባለው መንደር ወደ 100 በሚጠጉ፣ እያንዳንዳቸው 48 ካሬ ሜትር በሆኑ የጉም መረቦች በአማካይ ወደ 15,000 ሊትር በቀን ያገኝ ነበር፤ በካሬ ሜትር 3 ሊትር ገደማ። እውነተኛ ውኃ ነበር። ሆኖም መረቦቹ በንፋስ ሲቀደዱ የሚጠግን ቋሚ ሰው ባለመኖሩ ሥራው ተዳከመ። ስለዚህ የጉም ዜና ሳይ የምጠይቀው ስለ ፊዚክስ አይደለም፤ ጉሙ በዓመት ስንት ቀን ይቆማል፣ የተቀደደውንስ ማን ይሰፋል ብዬ ነው።

በመጨረሻ የመሣሪያውን ዋጋ የማነጻጽረው ከቆርቆሮ ጣሪያ ጋር ነው። በዓመት 1,100 ሚሊሜትር ዝናብ በሚጥልበት ደጋ 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ፣ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ፣ 35,000 ሊትር ያወርዳል። ለ140 ደረቅ ቀናት በቀን 20 ሊትር ለመጠጥና ለማብሰል ለማቆየት 2,800 ሊትር ብቻ ስለሚያስፈልግ አንድ ባለ 3,000 ሊትር ሮቶ ይበቃል። አሸንዳው በየሜትሩ ግማሽ ሴንቲሜትር ያዘንብል፤ ከደረቅ ቀናት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው 40 ሊትር የወፍ ኩስና አቧራ ይዞ ስለሚወርድ ወደ ሮቶው ሳይገባ በተለየ ቧንቧ ይፍሰስ፤ የሮቶው ክዳንም ፀሐይ እንዳያስገባ ይገጠም፣ ብርሃን ከገባ አልጌ ያበቅላል።