ሐምራዊ የሚያበራ ሁሉ ዩቪቢ አይደለም፦ ለቤት ኤሊ መብራት ጅማ ላይ ስትገዙ

ገንዳው፣ ውሃው፣ ኤሊው ወጥቶ የሚሞቅበት ድንጋይ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የሚያንገበግበው መብራቱ ነው። ኤሊ ዩቪቢ (ፀሐይ የምትሰጠው፣ በዓይን የማይታይ የዩቪ ጨረር ዓይነት) ካላገኘ ሰውነቱ ቫይታሚን ዲ3 መሥራት አይችልም፤ ያለ ዲ3 ደግሞ የቱንም ያህል ካልሲየም ቢበላ አጥንቱ ጋ አይደርስም። ቅርፊቱ በጣት ሲጫኑት እንደ ጎማ እሺ ማለት ከጀመረ ብዙ ዘግይታችኋል።

የጅማ ኤሌክትሪክ ሱቆች ገብታችሁ «የዩቪ አምፖል አለ?» ካላችሁ መልሱ «አለ» ነው። የሚሰጣችሁ ግን ወይ ሐምራዊ ኤልኢዲ ነው፣ ወይ ጀርም መግደያ ቱቦ። ለሐምራዊው ማረጋገጫ ተብሎ ብር ከሥሩ ይዘረጋና ምልክቶቹ ሲያበሩ «ይኸው ኦሪጅናል» ትባላላችሁ። ብር የሚያበራው ዩቪኤ የሚባለው ሌላው የዩቪ ዓይነት ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 365 ወይም 395 ናኖሜትር አካባቢ። ዲ3 የሚያሠራው ከ315 በታች ያለው ዩቪቢ ነው። ኤሊው ከሥሩ ዓመት ቢተኛ ያው ነው። ሐምራዊውስ የሚበላው ገንዘብ ብቻ ነው።

ጀርም መግደያው ግን ዩቪሲ የሚባለው አደገኛው ዓይነት ነው፣ 254 ናኖሜትር። የኤሊውንም የእናንተንም ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። እግሩ ከተራው ፍሎረሰንት ጋር አንድ ስለሆነ እዚያው ይገባል፣ ይበራል፣ ማንም አይጠራጠርም። «ያው ዩቪ ነው፣ እንዲያውም ጠንከር ያለው» ብሎ ሊሸጥልኝ የሞከረ ሰው እስካሁን ያናድደኛል። ሳይበራ ወደ ብርሃን አንሱትና እዩት፤ ብርጭቆው ጥርት ብሎ ውስጡ ያለው ሽቦ ወለል ብሎ ከታየ መልሱለት። የኤሊ ቱቦ ውስጡን ነጭ ዱቄት የተቀባ ነው፤ ላዩ ላይም የዩቪቢውን መጠን የሚያሳይ 10.0 ወይም 12 ፐርሰንት የሚል ይጻፍበታል። ይህን የሚያመጣላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነው። ከአሜሪካ ከሆነ ጥምዝምዙን አምፖል አታስልኩ፤ የ120 ቮልት ስለሆነ እዚህ 220 ላይ ወዲያው ይቃጠላል። ቱቦ አስመጡ፤ ባላስቱን (ለቱቦው የኤሌክትሪክ ኃይሉን የሚመጥነውን ዕቃ) 220 ቮልት አድርጋችሁ እዚሁ ፈልጉ።

ባላስቱ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። 55 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ቲ5 የሚባለው ቀጭን ቱቦ በሁለት ዓይነት ይመጣል፤ 14 ዋት እና ኤችኦ (ጠንካራ ብርሃን ሰጪ) የሚባለው 24 ዋት። ርዝመታቸውም እግራቸውም አንድ ነው። የ24 ዋቱን በ14 ዋት ፊቲንግ ላይ ብትሰኩት ይበራል፤ የሚሰጠው ዩቪቢ ግን በጣም ያንሳል፣ በዓይንም አይለይም። ባላስቱ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትክፈሉ። የኤልኢዲ ፊቲንግማ ጭራሽ ባላስት ስለሌለው ለዚህ ቱቦ አይሆንም።

ሙቀትና ዩቪቢ አንድ ላይ የሚሰጠውን የሜርኩሪ አምፖል ብዙ መመሪያ ያሞግሰዋል። ለጅማ አልመክረውም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቶሎ አይነሳም፣ እስኪቀዘቅዝ ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ መብራት እየሄደ እየመጣ ሲያሠቃየው ዕድሜውም ያጥራል። ለሙቀት ተራ የክር አምፖል በሴራሚክ ሶኬት ለብቻው ስቀሉ፤ ድንጋዩ ላይ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይበቃል። የመብራቱ ሽቦ ከግድግዳው ሶኬት ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ከዚያ ወደ ላይ ይነሳ፤ ጠብታ ቢወርድበት ወደ ሶኬቱ አይሄድም።

የ12 ፐርሰንቱ ቱቦ ከኤሊው ጀርባ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ የምትለኩት ኤሊው ድንጋዩ ላይ ሆኖ ነው። መሐል ላይ መስታወትም ፕላስቲክም አይግባ፤ መስታወት ዩቪቢን ጨርሶ ያስቀረዋል ማለት ይቻላል፣ የሽቦ ወንፊትም ሲሶውንና ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ኤሊው ዓይኑን ጨፍኖ አልገልጥም ካለ መጀመሪያ ቱቦውን አርቁት። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ካበራችሁት በቂ ነው።

ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ፣ ከምድር ወገብም በ8 ዲግሪ ውስጥ ላለ ከተማ በበጋ መብራት ግዴታ ነው የሚለውን ምክር እኔ አልቀበልም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ግድም ጀምሮ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ከየትኛውም ቱቦ ይበልጣል። ሰፊ ሳፋ ውስጥ፣ ግማሹ ጥላ ሆኖ፣ ከላይ የሽቦ መረብ ይኑረው፤ ጭልፊት አለ። የመስታወት ገንዳውን ግን ፀሐይ ላይ እንዳታወጡት፤ ውስጡ ያለው ይቀቀላል። ቱቦው በደንብ የሚያስፈልገው ክረምት ላይ፣ ደመናው ሲዘጋና ኤሊው ከውሃ አልወጣም ሲል ነው።

ቱቦው ጫፍ ላይ የተሰካበትን ቀን በማርከር ጻፉ። ዩቪቢው ብርሃኑ ሳይደክም ቀድሞ ያልቃል፤ በየቀኑ ከበራ በዓመቱ ቀይሩት። አሮጌውን አትስበሩት፣ ሜርኩሪ አለበት።