ረከቦት ላይ የተጫነ አንቶኖቭ

ጅማ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ጉዳዬ በግማሽ ቀን አለቀ፣ የመልሱ በረራ ግን በማግስቱ ነው። ጓደኛዬ ደውሎ «አጎቴ እዚያ አሉ፣ የድሮ አየር ኃይል ናቸው፣ ሂድና ቡና ጠጣ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር የወሰደኝ ቡናው ነው።

ከፈረንጅ አራዳ ባጃጅ ያዝኩ። ሽማግሌው በረንዳ ላይ፣ ባለ ሶስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የሠሩት ደብረ ዘይት ነው፣ በአየር ኃይሉ ትራንስፖርት ስኳድሮን (የማጓጓዣ አውሮፕላኖች ክፍል)፣ ጭነት ላይ። እኔ ስለ ጄቶቹ መጠየቅ ስጀምር ሳቁብኝ። «ስለ ጄት ሁሉም ይጠይቃል። ለጄቱ መለዋወጫውን ማን አመጣለት?»

ታሪኩን በአውሮፕላኖቹ ነው የሚቆጥሩት። መጀመሪያ የአሜሪካው ሲ-47፣ ያ በሲቪል ስሙ ዲሲ-3 የምንለው ነው። አየር መንገዳችንም እ.ኤ.አ. በ1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲበር የጀመረው በዚሁ ነው። ከዚያ ሁለት ጅራት ያለው ሲ-119 መጣ። ደርግ ፊቱን ወደ ሶቪየት ሲያዞር ደግሞ ባለ አራት ሞተሩ አንቶኖቭ-12። ሲ-47 ሦስት ቶን እንኳን በቅጡ አይጭንም፣ አንቶኖቩ እስከ 20 ቶን ይችላል።

«ይችላል ማለት ግን ይጭናል ማለት አይደለም» አሉ። ደብረ ዘይት ከፍታው 1,900 ሜትር አካባቢ ነው፣ ጅማም 1,700 ገደማ። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩም ክንፉም አቅም ያጣሉ። ፀሐይ ስትበረታ ይብሳል። ስለዚህ ወይ ረጅም ማኮብኮቢያ ትፈልጋለህ ወይ ጆንያ ታወርዳለህ። ጠዋት የጫንከውን ሁሉ እኩለ ቀን ላይ ይዘህ አትነሳም።

ከዚያ ረከቦቱን ሳቡት። ሲኒዎቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ገፏቸው፣ መሀሉን በአንድ ጣት ደገፉት። ረከቦቱ ወደ ኋላ ዘመም ሲል ባለቤታቸው «ኧረ ሲኒዬን!» ብለው ጮኹ። «አየህ ልጄ፣ ክብደቱ ጅራት ላይ ከሄደ አፍንጫው ወደ ላይ ይላል፣ አብራሪው መሪውን ቢገፋ አይመለስለትም። እኔ እርሳስና ወረቀት ይዤ የምሠራው ይህን ነበር።» ሲኒዎቹን መልሰው ወደ መሀል አሰለፏቸው፣ ቀጥታ።

ስለ ሰባ ሰባቱ ድርቅ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1984 መጨረሻ ጀምሮ የእንግሊዝ ሄርኩለስና የምዕራብ ጀርመን ትራንዛል የጭነት አውሮፕላኖች፣ የሶቪየት አንቶኖቭና የፖላንድ ሄሊኮፕተር እዚሁ አገር እህል ያመላልሱ ነበር። አገሮቻቸው በቀዝቃዛው ጦርነት ተፋጠው ሳለ ማለት ነው! መኪና በማይደርስበት ደጋ ሄርኩለሱ መሬት ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ዝቅ ብሎ እህሉን ያለ ፓራሹት ይጥላል። ጆንያው እንዳይፈነዳ በሌላ ጆንያ ይደረባል፤ የውስጡ ቢቀደድ የውጪው ይይዘዋል። እኔ ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር፣ አፈርኩ።

በረካው ተጠጥቶ ስነሳ ባለቤታቸው ቡና ቋጠሩልኝ። ሽማግሌው ሻንጣዬን በአንድ እጃቸው ብድግ አድርገው ትንሽ ወዘወዙት።

«አሥራ አንድ ኪሎ» አሉ።

በማግስቱ ኤርፖርት ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። 11.2።