«ፐርሰን1» ማን ነው?

ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስም ሳወጣ ዋልኩ። ስም ያወጣሁት በአንድ ትምህርት ቤት ዳታቤዝ ውስጥ ሠንጠረዥን ከሠንጠረዥ ለሚያያይዙ ፎሬይን ኪዎች ነው። ሥራው ያልቃል ብዬ ያሰብኩት እስከ ምሳ ነበር፤ አሁንም አንዲት ስም ቀርታኛለች።

የጀመርኩት ባለፈው ሳምንት በደረሰው ነገር ምክንያት ነው። እንዳልረሳው ከነዝርዝሩ ልጻፈው።

ዳታቤዙ ውስጥ «ስቱደንት» የሚባል የተማሪዎች ሠንጠረዥ አለ፤ «ፐርሰን» የሚባል የሰዎች ሠንጠረዥም አለ። ተማሪው አባት፣ አሳዳጊና እናት አለው፤ ሦስቱም የተመዘገቡት «ፐርሰን» ውስጥ ነው። ስለዚህ ከተማሪው ሠንጠረዥ ወደ አንዱ የሰዎች ሠንጠረዥ ሦስት ፎሬይን ኪዎች ይሄዳሉ። ከእኔ በፊት ዳታቤዙን የሠሩት ሰዎች ለዓምዶቹ ደግ ስም ሰጥተዋቸዋል፦ ፋዘር አይዲ፣ ጋርዲያን አይዲ፣ ማዘር አይዲ። ማንም ቢያነበው ይገባዋል።

ሠንጠረዦቹን ኮዱ ውስጥ የሚወክሉትን ሞዴሎች ግን በእጄ አልጻፍኳቸውም። ሠንጠረዦቹ ከስልሳ በላይ ስለሆኑ ዳታቤዙን አንብቦ ኮዱን ራሱ የሚያመነጭ መሣሪያ ተጠቀምኩ። መሣሪያው ግንኙነቱን የሰየመው በዓምዱ ሳይሆን በሚደርስበት ሠንጠረዥ ስም ነው። ሦስቱም የሚደርሱት «ፐርሰን» ላይ ስለሆነ በዓምዶቹ የፊደል ተራ አባትን «ፐርሰን»፣ አሳዳጊን «ፐርሰን1»፣ እናትን «ፐርሰን2» አላቸው። እኔም የትኛው የቱ እንደሆነ አጣራሁና ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ፐርሰን1 = አሳዳጊ» ብዬ ጻፍኩ። ለቤተሰብ መልእክት የሚልከው ኮድ ስልክ ቁጥሩን ከ«ፐርሰን1» እንዲወስድ አደረግሁ። ያቺ አንዲት መስመር መቀመጥ የነበረባት ኮዱ ውስጥ ነበር፤ እኔ ግን በቦርሳዬ ይዣት ስዞር ነበር።

ከዚያ ትምህርት ቤቱ ልጁን የሚያመላልሰው ሰው ይመዝገብልን አለ። ኤስኮርት አይዲ የሚል ዓምድ ጨመርኩ፤ ሞዴሎቹንም እንደ አዲስ አመነጨሁ። ኤስኮርት በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ከፋዘር ይቀድማል። ስለዚህ «ፐርሰን» አመላላሹ ሆነ፤ «ፐርሰን1» አባት ሆነ፤ አሳዳጊ ወደ «ፐርሰን2» ወረደ። የኮዱን ስሕተት የሚያጣራው ኮምፓይለር ምንም አላለም። ምን ይበል? አባትም አሳዳጊም ለእርሱ ያው የፐርሰን ዓይነት ናቸው። የሙከራ ኮዱም አለፈ፤ ለሙከራ ብዬ ያስገባኋቸው አምስት ተማሪዎች በሙሉ አሳዳጊያቸው አባታቸው ነበርና።

ማክሰኞ ለመምህራን ስብሰባ ሲባል ትምህርት እስከ 6 ሰዓት ብቻ እንደሆነ ለቤተሰቦች መልእክት ተላከ። ለብዙዎቹ ልጆች አባትም አሳዳጊም አንድ ሰው ስለሆነ መልእክቱ በትክክል ደረሰ። አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ ግን አባቷ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የምታሳድጋት አያቷ ናት። መልእክቱ የሄደው ማንም ወደማያነሣው ወደ አባቷ ስልክ ነበር። ልጅቷ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ዘበኛው ቤት በር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣ ጠበቀች። ዘበኛው ከዳቦው ቆርሶ ሰጥቷታል። አያቷ እንደ ወትሮው በ9 ሰዓት ተኩል መጥተው አገኟት። ስልካቸውን አውጥተው ለመዝገብ ቤቷ ኃላፊ እያሳዩ «ምንም አልደረሰኝም እኮ፣ እዩት» ሲሉ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «እንኳን ልጄን በደህና አገኘኋት» ብለው እጇን ይዘው ሄዱ።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ኤድጋር ኮድ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1970 ያሳተመውን ጽሑፍ ከፍቼ አነበብኩ። የአይቢኤም ተመራማሪ ነበር፤ ዳታን በሠንጠረዥ የሚያስቀምጠው የሪሌሽናል ዳታቤዝ ሐሳብ የመጣው ከእርሱ ነው፤ ፎሬይን ኪ የሚለውም ቃል እዚያው ጽሑፍ ውስጥ አለ። አንድ ዕቃ ከሌሎች ዕቃዎች ሲገጣጠም የሚያሳይ ሠንጠረዥ በምሳሌነት ያቀርባል፤ በዚያ ሠንጠረዥ «ዕቃ» የሚል ዓምድ ሁለት ጊዜ ይመጣል። እንዲህ ሲሆን ዓምዶቹ በተራቸው መለየት የለባቸውም፤ እያንዳንዱ የድርሻውን ስም፣ አንዱ «ንዑስ» ሌላው «የበላይ» የሚል መለያ ይያዝ ይላል። ይህን ሳነብ ልቤ ደነገጠ። «1» እና «2» ከተራ በቀር ምን ናቸው? ከሃምሳ ዓመት በፊት አይሁን የተባለውን ነበር ያደረግሁት።

በመሣሪያ ማሳበብም አልችልም። ኮድን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኙት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ለዚህ ነገር መንገድ አላቸው። ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር ከዳታቤዝ ሞዴል ሲያመነጭ የፎሬይን ኪውን ዓምድ ስም ወስዶ «አይዲ» የምትለውን ቅጥያ ይቆርጣል፤ ፋዘር አይዲ «ፋዘር» ይሆናል። ኤስኪውኤልአልኬሚ አውቶማፕ ስም የሚያወጣውን ፋንክሽን፣ ማለትም ቁራጭ ኮድ፣ ራስህ እንድትጽፍ ይፈቅዳል፤ አንዱ ወደ አንድ ሰው ለሚሄደው፣ ሌላው ወደ ብዙ ለሚመለሰው። እኔ የምወደው የጃንጎን ጠባይ ነው። ከአንድ ሞዴል ወደ አንድ ሞዴል ሁለት ፎሬይን ኪ ካለና የመመለሻ ስማቸው፣ ለምሳሌ ከሰው ወደ ተማሪ የሚመለሰው ግንኙነት ስም፣ ከተጋጨ፣ ስም ካልሰጠኸኝ አልቀጥልም ብሎ ይቆማል። የእኔም መሣሪያ የሚስተካከል ቅንብር ነበረው፤ ከፍቼ አላየሁትም ነበር።

ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ስሞች ከመጻፌ በፊት መዝገብ ቤት ሄድኩ። ኃላፊዋ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ከወረቀት መዝገቡ ዘመን ጀምሮ እዚያ አሉ። የትኛው ሰው ምን እንደሚባል ስጠይቃቸው የድሮውን መዝገብ ከመደርደሪያ አወረዱ። «ልጄ፣ ፎርሙ ‹ወላጅ ወይም አሳዳጊ› ይላል። ያቺ ‹ወይም› ናት የምታስቸግረን» አሉኝ። በመዝገቡ ዳር በእጃቸው ያሰመሩት አንድ ዓምድ አለ፤ አናቱ ላይ «የሚጠራ» ተብሎ ተጽፏል። አሳዳጊ ተብሎ የፈረመው አጎት ሆኖ፣ አንድ ነገር ሲፈጠር ስልክ የሚደወልላት ግን ጎረቤት የሆነችበት ልጅ አሳዩኝ። መልእክት ላኪው ኮድ መጀመሪያውኑ መፈለግ የነበረበት የሚጠራውን ሰው ነው። ትክክለኛ ስም ፍለጋ ባልወጣ ኖሮ አምስተኛ ግንኙነት እንደጎደለ አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ሰው የሚሄዱት አምስቱም ስም አላቸው። ስሙን ያስቀመጥኩትም ዳታቤዙ ውስጥ፣ ፎሬይን ኪውን በሚያጸናው ደንብ (ገደብ) ስም ላይ ነው፤ መሣሪያው በፈለገው ጊዜ እንደ አዲስ ቢያመነጭ ከዚያ ያነበዋል። ካልሰየሙት ፖስትግሬስ የሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር የሠንጠረዡንና የዓምዱን ስም ቀጥሎ ራሱ ይሰይመዋል፤ ማይኤስኪውኤልም በሠንጠረዡ ስም ላይ ቅጥያና ቁጥር ይጨምራል። ቁጥር እንደገና እንዲገባብኝ አልፈልግም።

ያስቸገረኝ የመመለሻው መንገድ ነው። ከልጅቷ ወደ አያቷ ስሄድ «አሳዳጊ» እላለሁ፤ ከአያቷ ወደ ልጅቷ ስመለስስ? መሣሪያው «ስቱደንት1» ብሎት ነበር። የኮዱን ስም በእንግሊዝኛ ብጽፈውም መጀመሪያ የማስበው በአማርኛ ነው፤ አማርኛ ደግሞ ለዚህ ይመቻል። አሳዳጊ ካለ ታዳጊ አለ፤ ጠሪ ካለ ተጠሪ አለ። አመላላሽ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። «ተመላላሽ» ብዬ ጻፍኩና ደለዝኩት። ትምህርት ቤቱ አዳሪዎችም ስላሉት «ተመላላሽ» ማለት አዳሪ ያልሆነ ተማሪ ሁሉ ነው፤ ብቻውን በእግሩ የሚሄደውም ጭምር።

ነገ በ2 ሰዓት ተኩል መዝገብ ቤት ሲከፈት ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ።