ባዶ ነው የተባለው ሣጥን

ሐዋሳ ላይ የፋይበር ጥገና ስትሠራ አብዛኛው እንጀራህ ባጃጅና የመኪና ባምፐር ነው። ጀልባ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። ሲመጣም ወይ ሆዱ ተሰንጥቆ ነው፣ ወይ ባለቤቱ የሆነ ነገር ማስቆረጥ አምሮት ነው። ይሄኛው ማስቆረጥ ያማረው ነበር።

ባለጀልባው ዕድሜያቸውን በሙሉ በእንጨት ጀልባ የኖሩ አሳ አጥማጅ ናቸው። ማታ መረብ ይጥላሉ፣ ጎህ ሲቀድ ያነሳሉ፣ ቆሮሶውንና አምባዛውን ሐይቁ ዳር ካለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ያራግፋሉ። በቅርቡ ሽርሽር ስትሠራ የነበረች የፋይበር ጀልባ ከነሞተሯ ገዙ። አፍንጫዋ ሥር ዙሪያውን የታሸገ ሣጥን አለ። በር የለው፣ ክዳን የለው።

«ልጄ፣ ይሄ ዝም ብሎ ቦታ ይዞ ነው የተቀመጠው» አሉኝ። «ከላይ ክፈትልኝና በረዶ ልሙላበት። አሳው ገበያ ሳይደርስ እየላላብኝ ነው።»

ሐሳቡ ጥሩ ነው። አሞራ ገደል ጥሬውን የሚበላ ደንበኛ አሳውን ጫን አድርጎ አይቶ ነው የሚገዛው። ትንሽ ከላላ ዋጋው ወረደ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ሣጥኑ ግን ሥራ አለው» አልኳቸው።

አላመኑኝም፤ አልፈርድባቸውም። የእንጨት ጀልባ ውኃ ቢሞላ እንኳ እንጨቱ ራሱ ይንሳፈፋል። ሰው ጠርዙን ይዞ እርዳታ ይጠብቃል። ፋይበር ግን ከውኃ ይከብዳል። ሞተር ሲጨመርበትማ ውኃ ከሞላ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የሠራው ሰው አየር ያሸገበት ለዚህ ነው። ሜትር አውጥተን ለካን፦ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 40። ወደ አፍንጫው ስለሚጠብ ቀንሰን 250 ሊትር ያዝን። አንድ ሊትር የታሸገ አየር ውኃ ውስጥ አንድ ኪሎ ያህል ይሸከማል። ስለዚህ 250 ኪሎ የሚያነሳ ነገር ነው ክፈትልኝ የሚሉኝ።

«እንዲያ ከሆነ ጀልባዋ ለምን አፍንጫዋን ትደፋለች? ቤንዚንስ ለምን ትጠጣለች?» አሉ።

ይሄ ጥያቄ ከእኔ ስሌት ይበልጥ ነበር።

የኤሌክትሪክ መቁረጫውን፣ ግራይንደሩን አላስነሳሁም። የቤንዚን ሞተር ባለበት ጀልባ፣ የታሸገ ቦታ ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ ከሣጥኑ ግርጌ ትንሽ ቀዳዳ አበጀሁ። መሰርሰሪያውን ስነቅለው ውኃ እጄ ላይ ፈነጠቀ። አረንጓዴ፣ የሚሸት ውኃ። ቡና ተፈልቶ እስከ ቶና ድረስ ፈሶ አላለቀም። የእህታቸው ልጅ አብሮን ቆሞ ነበር። «ጋሼ፣ ሐይቁን ነው ሲያመላልሱ የከረሙት» አለ። እሳቸው አልሳቁም።

የገባበትን ስንፈልግ አፍንጫዋ ላይ ገመድ የሚታሰርበት ቀለበት ብሎን ሥር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አገኘን። ቀን ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በስንጥቁ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሰበሰብና ከውጭ ይስባል። ማዕበል ብሎኑን ካራሰው የሚስበው ውኃ ነው። ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ ጠጥቶ ከሁለት ኩንታል በላይ ደረሰ። ያነሳል የተባለው ሣጥን ሸክም ሆኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ ተስማማን። ሣጥኑ የበረዶ ቤት ይሁን፤ አየሩ ግን ሌላ ቦታ ይግባ።

ለበረዶው ቤት ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ነጭ ፎም ይዘው መጡ። ተራው የፋይበር ሬዚን፣ ፋይበሩ የሚደነድንበት ፈሳሽ፣ ይሄን ፎም ይበላዋል፤ ቤንዚንም እንዲሁ። ቁራጩ ላይ ሬዚን ጠብ ሳደርግበት እዚያው ሟሙቶ ጎድጓዳ ሆነ። ኢፖክሲ የሚባለው ሌላው ሬዚን አይበላውም፤ ችግሩ ውድ ነው። ዋጋውን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ፣ ግን ገዙ።

አየሩን በሃይላንድ ተካነው። ልጁ ባለ 2 ሊትሩን ፕላስቲክ ከየካፌው ለቀመ። ክዳኑ የሚጠበቀው በማለዳ፣ በብርዱ ነው። በቀትር ሙቀት ካሸግከው ማታ ይጨማደዳል። አንዱ ቢበሳ ሌሎቹ አሉ፤ ከአንድ ትልቅ ሣጥን የሚሻለው በዚህ ነው። በግራና በቀኝ መቀመጫው ሥር፣ ወደ ጠርዙ ከፍ አድርገን ደረደርናቸውና በአሮጌ መረብ አሰርናቸው። ታች ወለሉ ላይ ብናደርጋቸው ኖሮ ውኃ ስትሞላ ትገለበጥ ነበር።

ልንሞክራት ሞተሩን ፈትተን በቦታው አሸዋ በማዳበሪያ ጫንን። አሸዋ ውኃ ውስጥ ስለሚቀል መጠኑን አበዛነው። ወገብ የሚደርስ ውኃ ላይ አቁመን በባልዲ ሞላናት። አልሰመጠችም፤ ግን ኋላዋ ዘጭ ብሎ አፍንጫዋ ሰማይ አየ። ክብደቱ ያለው ሞተሩ ጋ ነዋ። ከፊሉን ሃይላንድ ወደ ኋላ አዛወርንና እንደገና ሞላናት። አሁን ጠርዟ ከውኃው እኩል ሆኖ ቆመች። ልጁ ዘሎ ተቀመጠባት፤ ችላዋለች።

ባለጀልባው በበረዶ ቤታቸው ደስተኛ ናቸው። መቀመጫው ሥር መረብ የሚያስቀምጡበት ቦታ ስለጠፋ ግን እስካሁን ይነጫነጫሉ። ሒሳብ ስንተሳሰብ የሃይላንዱን ዋጋ ሊቀንሱብኝ ሞክረው ነበር። እንቢ አልኩ።